የአራሚው ጣቶች

አራሚው ሥራውን የሚጀምረው ከእጅ መታጠቢያው ነው። ትልቁ ማሽን ወረቀት መውጋት ሳይጀምር፣ ሠራተኛው ገና ሰላምታ ሲለዋወጥ፣ እሱ ዱላውን ከግድግዳው አስደግፎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከማፍያው የቀዳውን ውኃ መታገሥ እስከሚችልበት ድረስ በትኩሱ እጁ ላይ ያወርደዋል። ከዚያ የልብስ ሳሙናውን ያነሣል። ሽታ ያለውን ለስላሳ ሳሙና አይነካም፤ «እሱ ለሙሽራ ነው» ይላል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያሻል፣ ያለቀልቃል፣ እንደገና ያሻል። ሲጨርስ በሻካራው ፎጣ ይፈትጋቸውና ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ምንም ሳይነካ፣ እግሩ በሚያውቀው መንገድ ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል።

ማተሚያ ቤቱ ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት የሚያትም ነው። ቀለም አይገባበትም። ማሽኑ በወፍራም ወረቀት ላይ ጥቃቅን ነጥቦችን ከሥር እየወጋ ያነሣል፤ አንባቢው እነሱን በጣቱ ይዳስሳል። መጽሐፉ ከመባዛቱ በፊት ግን አንድ ቅጂ አራሚው ዘንድ ይመጣል። እሱ ዓይነ ስውር ስለሆነ ነጥቦቹን እየዳሰሰ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። አጠገቡ የምትቀመጠው ወጣት አመሳካሪ ደግሞ በቀለም የተጻፈውን ዋና ቅጂ ይዛ በዓይኗ ትከተለዋለች። የሰማችውና ያየችው አልስማማ ካላት «ይቁሙ ጋሼ!» ትላለች፤ ስሕተቱ የተገኘበት ቦታ ላይ ምልክት ይደረጋል። ሠራተኛው ሁለቱን «ጣትና ዓይን» ይላቸዋል። ኃላፊውም እንግዳ በመጣ ቁጥር «ጣትና ዓይን ሳያልፉበት ከዚህ በር የሚወጣ ወረቀት የለም» እያለ ይኮራባቸዋል።

አራሚው ሲያነብ እንደ ውኃ ይወርዳል። ልጅ ሳለ አብረውት የተማሩት «ጋላቢው» ያሉት ለዚህ ነበር።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ነጥቦቹ ከእሱ እየራቁ ሄደዋል። መጀመሪያ በወረቀቱ አሳበበ፤ ርካሽ ገዝተው ነው አለ። ከዚያ በብርዱ። ከዚያ በእጁ ቆሻሻ። በጣቱና በነጥቡ መካከል ስስ ጨርቅ የገባ ይመስለው ስለነበር፣ ያንን ጨርቅ አጥቦ ሊያወጣው ታገለ። ጠዋት ብቻ የነበረው መታጠብ ከምሳ በፊትም፣ ከምሳ በኋላም ሆነ፤ ቆይቶ በየምዕራፉ ሆነ። ሰው ተረከዙን የሚፈገፍግበትን ድንጋይ ገዝቶ፣ የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ጫፍ ቢላ እንደሚስል ሰው ይስለው ጀመር። ለአንድ ቀን ሻል ይለዋል። በማግስቱ ጨርቁ ወፍሮ ይመለሳል።

ሆኖም ማንም አላወቀበትም። ማተሚያ ቤቱ በብዛት የሚያሳትመው የትምህርት መጻሕፍትን ነው፤ የትምህርት መጻሕፍት ደግሞ በየጊዜው ይደገማሉ። አራሚው ያልደጋገመው ምንባብ የለም። ጣቱ ሲደናቀፍ ትውስታው ይደርስለታል፤ ቃሉ ከአፉ ይወጣል፤ አመሳካሪዋ ቀለሙን ስታይ ልክ ነው። እንዲያውም ከማንኛውም ወረቀት ይልቅ ትውስታው ከዋናው ቅጂ ጋር ይስማማል። ስለዚህ «ይቁሙ ጋሼ!» የሚለው ድምፅ በዚያ ክፍል ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ መጣ። «ማሽናችን ተሻሻለ» አለ ኃላፊው ደስ ብሎት።

አራሚው ሌት ተቀን የሚፈራው አንድ ነገር ነበር። ታላቅ ወንድሙ የስኳር ሕመምተኛ ነበር፤ መጀመሪያ እግሩ፣ ቀጥሎ እጁ ደነዘዘ። አንድ ቀን ትኩስ ብርጭቆ ይዞ ሲያወራ ቆዳው መቃጠሉን ያወቀው ሌላ ሰው ሲጮኽ ነው። አራሚው ይህን በጆሮው ሰምቷል። የዓይኑን ብርሃን ያጣው ገና ሕፃን ሳለ ነውና በማያውቀው ነገር አዝኖ አያውቅም። ጣቱን ግን ያውቀዋል። ያነበበው ሁሉ፣ የሚስቱ ፊት እንኳ ሳይቀር፣ የገባው በዚያ በኩል ነው። ስለዚህ ምርመራ አልሄደም፤ ካልሄደ ገና አልተፈረደበትም።

አንድ ረፋድ ላይ የማረሚያ ክፍሉ በር ሳይንኳኳ ተከፈተ።

«ጋላቢው! አለህ?»

በዚህ ስም የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው፤ በዚህ ድምፅ የሚጠራው አንድ ብቻ። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መምህርት ናት። በልጅነታቸው በአዳሪ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተምረዋል፤ እሷም እንደ እሱ በጣቷ ነው የምታነበው።

«አለሁ። አንቺስ እስከ ዛሬ አልሞትሽም?»

«ለመሞት ማን ጊዜ ሰጠኝ! የአንተን ጥፋት ስለቅም ነው የምውለው።» ወንበር ስባ ተቀመጠችና አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ትንንሾቹ ልጆቼ ይሄን ገጽ ዘለሉት። ለምን ዘለላችሁ ስላቸው ‘መምህር፣ ባዶ ነው’ አሉኝ። ሰነፎች ብዬ ተቆጣሁ። በኋላ ራሴ ስዳስሰው፣ ከመካከሉ ጀምሮ ነጥቡ ተነሥቷል ለማለት ምስክር ያስፈልጋል።»

«የማሽኑ መርፌ ደንዝዞ ይሆናል» አለ አራሚው።

«ማሽንማ ማሽን ነው፤ ይደነዝዛል። አራሚ የተቀጠረለት ለዚህ አይደል?»

አመሳካሪዋ ከጎን ሆና ጣልቃ ገባች። «ይቅርታ መምህር፣ ይሄን ገጽ ያረምነው እኔና ጋሼ ነን። ዝናብ ስለጠበቀው ገበሬ የሚያወራው አይደል? አስታውሰዋለሁ። ጋሼ ቃል በቃል ነው ያነበቡት፤ አንድም ጊዜ አላስቆምኳቸውም።»

«አንድም ጊዜ?»

«አንድም ጊዜ።»

መምህርቷ ዝም አለች። ዝምታዋን አራሚው ያውቀዋል፤ በልጅነታቸው የሌላውን ውሸት የምትመዝነው እንዲህ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋችው።

«በል እስቲ፣ ለእኔም አንብብልኝ።»

ራሴን አሞኛል ማለት ይችል ነበር። ሥራ በዝቶብኛል ማለትም ይችል ነበር። አንድ ጊዜ ግን ጣትህን ወረቀት ላይ አድርግ የተባለ አንባቢ ምን ምክንያት ያመጣል? እጁን አሳረፈና ጀመረ። ገበሬው ከደጅ ወጥቶ ሰማዩን ማየቱን፣ ሚስቱ መሳቋን፣ ጎረቤቱ መምጣቱን አነበበ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። የመምህርቷ እጅ ክንዱ ላይ ሲያርፍ ተሰማው። ቀስ እያለ ወደ አንጓው ወረደ፤ ከአንጓው ወደ መዳፉ ጀርባ፤ ከዚያ ወደ ሌባ ጣቱ ጫፍ። ማንበቡን አላቆመም፤ ማቆም የባሰ መሰለው። ገበሬው ገና ከጎረቤቱ ጋር ሲነጋገር፣ የአራሚው ጣት ከመጨረሻው መስመር በታች፣ ምንም ነጥብ በሌለበት ባዶ ጠርዝ ላይ ተኝቶ ነበር።

«ልጄ፣» አለች መምህርቷ ወደ አመሳካሪዋ ዞራ፣ «ጉሮሮዬ ደረቀብኝ፤ ውኃ ብትፈልጊልኝ።»

በሩ ተዘጋ።

«እጅ ከፍንጅ» አለች በዝግታ። «ሌባ ጣት ያሉት ለካ ይሄን ኖሯል!»

አራሚው አልሳቀም። እሷም ቀልዱ ቦታ እንዳላገኘ ገባትና እጁን በሁለት እጆቿ ይዛ ገለበጠችው፤ የጣቶቹን ጫፎች አንድ በአንድ ዳሰሰች።

«ምንድን ነው ይሄ? የተሰነጠቀ ልስን እኮ ነው! በዚህ ነው ታነብ የነበረው?»

«ተይኝ።»

«ይሄስ?» አለችና አንዱን ስንጥቅ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው።

«ኧረ! ምን ነካሽ አንቺ ሴት!»

«አመመህ?»

«እንዴት አያመኝ!»

«የሞተ ጣት ይጮኻል እንዴ ታዲያ?»

ያን ጊዜ ነገራት። ስለ ወንድሙ፣ ስለ ብርጭቆው፣ በትውስታ ስላለፈው ገጽ ሁሉ። ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፉ ሲያወጣው፣ ሲደብቀው የነበረው ፍርሃት የሌላ ሰው ወሬ መስሎ ተሰማው።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለች። «ስለጮህክ ስኳር የለብህም ልልህ አልችልም፤ ሄደህ ተመርመር። ግን እስቲ ንገረኝ፣ እጅህን በምንድን ነው የምትታጠበው?»

ነገራት። ሳቀች፤ ይህኛው ሳቅ ግን ሐዘን ነበረበት።

«እሜት ሳሙና!» አለች።

እሜት ሳሙና የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ሞግዚት ነበሩ። ከንባብ በፊት በር ላይ ቆመው የልጅ ሁሉ እጅ ሳያሸቱ አያሳልፉም። ‘ቅባት የነካው ጣት ነጥብ ይጥላል!’ እያሉ፣ በፈላ ውኃና በልብስ ሳሙና እያሹ ያስለቅሷቸው ነበር። ወረቀት ውድ ነበር፤ ቅባት የጠጣ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ነጥቡም ይተኛል።

«እሳቸው እኮ እንደዚያ ያሉን ከምግብ ቤት እስከ ክርናችን ቅባት ሆነን ስንመጣ ነው» አለች መምህርቷ። «አንተ ሽማግሌ ልትሆን ነው፤ አሁንም በራቸው ላይ ቆመሃል?»

«ቅባት ነጥብ ይጥላላ።»

«ይጥላል። ደረቅ ጣት ደግሞ ነጥብ አያገኝም። የቱ ይብሳል?» ተነሣች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የወረቀት ክምር በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። «ይሄስ ምንድን ነው?»

«ለሚመጣው የትምህርት ዘመን የሚታተም ነው። የትንንሾቹ ማንበቢያ።»

«በቃልህ ታውቀዋለህ?»

«ከዳር እስከ ዳር።»

«እንግዲያው አትንካው። ለኃላፊው ራስህ ንገረው፤ እኔ አፌን ዘግቻለሁ። ግን ልጆቼ ባዶ ገጽ ዳስሰው ‘ጥፋቱ የእኛ ነው’ ሲሉ ዝም ብዬ አላይም፤ ይሄንን እወቅ።»

አመሳካሪዋ ውኃ ይዛ ስትገባ መምህርቷ ከብርጭቆው አንዴ ተጎነጨችና «ጥሩ ውኃ ነው» ብላ ወጣች።

ቤት ሲደርስ የሚስቱ የስፌት ማሽን እየተንገጫገጨ ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑ ውስጥ መቀመጫና ጨርቅ ለቦታ ይጣላሉ። ሶፋው ላይ ሊቀመጥ እጁን ሲያሳርፍ ለስላሳ ነገር አገኘው።

«እጅህን! እጅህን አንሣልኝ! ሳቲኑን ክር በክር አደረግኸው እኮ!»

ይህንን ብዙ ጊዜ ብላዋለች። እሱም ሁልጊዜ እንደ ንትርክ ቆጥሮ ያልፈው ነበር። አሁን ግን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠየቃት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እጄ ክር የሚስበው?»

ማሽኑ ቆመ። «ዛሬ ምን ሆንክ? ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ ነው። ስነግርህ ‘ጨርቅሽን ሰብስቢ’ እያልክ ትቆጣኛለህ። ድርቅናህ ከአንገትህ በላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እጅህም ደርቋል።»

ነገራት። እስኪጨርስ አላቋረጠችውም፤ ይህም ከእሷ የማይጠበቅ ነበር። ሲጨርስ ወንበሯ ተንቋቋ፤ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ለእኔ ሳትነግረኝ?»

«ምን ብዬ?»

«‘ፈራሁ’ ብለህ። ሦስት ፊደል ናት። ስንት መጽሐፍ ያነበብክ ሰውዬ ሦስት ፊደል አቃተህ?»

«ቢሆንብኝስ ብዬ ነዋ።»

«ቢሆንብህ ለብቻህ ልትሆነው ነበር?» እጁን አነሣችና ጉንጯ ላይ አደረገችው፤ ሻክሯት መሆን አለበት፣ ትንሽ ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ መዳፉ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ነገ ጠዋት እንሄዳለን። እንዳትከራከረኝ።»

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበላቸው ነርስ ድምፁ ለስላሳ ነበር። ለምርመራ ደም ለመውሰድ ጣቱን ሲጠይቀው አራሚው የቀኝ እጁን ከጀርባው ደበቀና የግራውን ትንሿን ጣት ሰጠ። «ከዚያኛው አይወሰድም፤ የሥራ መሣሪያ ነው» አለ። ደሙ ከተወሰደ በኋላ ነርሱ «ዓይንዎን…» ሊል ጀምሮ ራሱን ገታ፤ አራሚው ግን ቀደመው፦ «ተጨፍኗል፣ ቀጥል ልጄ።» ሚስቱ ሳቀች። ነርሱ ቀጭን ክር ይዞ እጁንና እግሩን እየነካካ «ሲሰማዎት ይበሉኝ» አለው። ክንዱ ላይ፣ መዳፉ ላይ፣ የእግሩ ጣቶች ላይ፣ ክሩ ባረፈ ቁጥር «አዎ» አለ። የሚያነብበት ጣት ጫፍ ላይ ብቻ ዝም አለ። ነርሱ ግን ክሩን ከወፈረው ቆዳ ቅርፊት ዳር፣ ወደ ጎን ዝቅ አድርጎ ነካው።

«አዎ!»

«ደህና» አለ ነርሱ። ውጤቱን ሊያመጣ ወጥቶ እስኪመለስ አራሚው የኮሪደሩን እርምጃ ሁሉ የእሱ እየመሰለው ሰማ።

«ስኳርዎ ደህና ነው ጋሼ። ነርቭዎም አለ። የጋረደዎት ቅርፊቱ ነው።»

«እስቲ ድገምልኝ።»

«ስኳርዎ ደህና ነው።»

አራሚው ራሱን ነቀነቀ። ነርሱ ወሬውን በዝግታ ቀጠለ። ቆዳ የራሱ ቅባት እንዳለው ነገረው፤ እንደ ድስት ክዳን ሆኖ እርጥበቱን ከውስጥ ይዞ የሚያቆየው ያ ቅባት ነው። «እርስዎ በየቀኑ ክዳኑን በፈላ ውኃና በልብስ ሳሙና ያነሡታል። እርጥበቱ ይተናል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ከዚያ ደግሞ በድንጋይ ይፈገፍጉታል፤ ቆዳው መቼስ ሲጠቃ ምን ያደርጋል? ይወፍራል። እየታገሉ ያሉት ከራስዎ ጋር ነው።»

«ታዲያ እጄን ሳልታጠብ ልኑር?»

«መታጠቡንማ ይታጠቡ። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሳሙናው ለስላሳና ሽታ የሌለው። በፎጣ አይፈትጉ፤ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁት። ከዚያ እርጥበቱ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ቫዝሊን ይቀቡበት። ቫዝሊን ውኃ አይሰጥም፤ ያለውን ነው የሚቆልፈው። በደረቀ ቆዳ ላይ ቢቀቡት የሚቆልፈው ነገር አያገኝም።»

«ቅባት ነጥብ ይጥላል» አለ አራሚው፤ ልማድ ሆኖበት።

«እንዲህ ነው የሚለኝ እኔንም» አለች ሚስቱ። «ውኃ ብዙ ቢጠጣስ? ጎረቤቴ እሱ ነው መድኃኒቱ ትላለች።»

«ውኃ ለጤና ጥሩ ነው፣ ለዚህ እጅ ግን በሆድ በኩል ዞሮ አይደርስለትም። ከላይ ነው የሚጠገነው።» ነርሱ እንደገና ወደ አራሚው ዞረ። «ለወረቀትዎ ካሰቡ፣ ከሥራ ሲወጡ ይቀቡ። ማታ ማታ ወፈር አድርገው ቀብተው የጥጥ ጓንት ያድርጉበት። ጠዋት ገብቶ ያልቃል። ስንጥቁ እስኪገጥም ግን በዚያ ጣት ንባብ የለም። ድንጋዩንም ይጣሉት። ከቀላ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም በጥቂት ሳምንት ለውጥ ካላዩበት ተመልሰው ይምጡ፤ ድርቀት ብቻ ላይሆን ይችላል።»

ሕመሙ ስኳር ስላልሆነ፣ ለማንም ሳይናገር መዳን ይችል ነበር። ይህ ሐሳብ በመመለሻው መንገድ ላይ መጣበት። ጣቱ ይድናል፤ ማንም ሳያውቅ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል። መምህርቷም አፌን ዘግቻለሁ ብላለች። እነዚያ ባዶ ገጽ የዳሰሱት ልጆች እነማን እንደሆኑ እንኳ አያውቅም። ግን ስለ እነሱ ሲያስብ ራሱን አገኘው፤ በዚያ ዕድሜው ጣቱ ምንም ባያገኝ ኖሮ ወረቀቱን አይጠረጥርም ነበር፤ የሚጠረጥረው ራሱን ነው።

ኃላፊው ቢሮ የገባው በማግስቱ ነው። ነገሩን አላዟዟረም።

«ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ያረምኩትን እንደገና አስነብቡት። አላነበብኩትም።»

«እንዴት አላነበብከውም? ‘ጣትና ዓይን’ ያሳለፉት ሁሉ እኮ…»

«ዓይን የራሷን ሥራ ሠርታለች። ጣት ነው የዋሸው።»

ኃላፊው ወንበሩን ወደ ኋላ ሲገፋ ተሰማ። ሲናገር ድምፁ ደክሞ ነበር። መጻሕፍቱ ግማሹ ተሠራጭቷል አለ፤ መሰብሰብ እንደሚያሳፍር፣ ማን እንደሚያርመውም እንደማያውቅ። «አንተን ማን ይተካል?»

«ማንም ይሁን። ብቻ የሚያነብ ይሁን።»

የመጣችው መምህርቷ ናት። ከትምህርት በኋላ እየመጣች፣ ከአመሳካሪዋ ጋር እየተቀመጠች፣ ያለፉትን ገጾች አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። አራሚው ከጎን ሆኖ ያዳምጣል። እሷ እንደ እሱ አትጋልብም፤ እንደ ሽማግሌ እየተደገፈች ነው የምትሄደው። በየመካከሉ ትቆምና «ይሄም ተኝቷል» ትላለች። «ይሄም» ባለች ቁጥር ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል።

«ጋላቢው፣ እግርህን ሰብስብ! መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ነጥብ አይያዝልኝም።»

አንድ ቀን መምህርቷ ከሄደች በኋላ አመሳካሪዋ ወረቀት እያስተካከለች ቆየች። «ጋሼ፣ እኔም አንዳንዴ ጣትዎን ማየት ነበረብኝ። ዓይን ያለኝ እኔ ነኝ።»

«የተሰጠሽ ሥራ ወረቀቱን ማየት ነው ልጄ። አሠራሩ ነው የሳተው፤ እኔም ገባሁበት።» ጥቂት አሰበ። «ስመለስ ገጾቹን በትነሽ ስጪኝ፤ ከመጨረሻው መስመር ወደ ላይ አነባለሁ። ትውስታ ወደ ኋላ አይሄድም።»

ከሁሉም የከበደው ጓንቱ ነበር። ሚስቱ በቀሪ ነጭ ጥጥ ራሷ ሰፋችለት። እራት ከተበላ በኋላ እጁን ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ፣ ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊኑን እሷው ትቀባዋለች፤ በእያንዳንዱ ጣት ላይ አውራ ጣቷን እያዞረች፣ ስንጥቁ ጋ ስትደርስ እየቀለለች። «ሙሽራዬ፣ እጅህን ስጠኝ» ትለዋለች። ከዚያ ጓንቱ ይገባል፣ ዓለምም ይጠፋል። ጠረጴዛው ጠርዝ አልነበረውም። የበሩ እጀታ እጀታነቱን አልነግር አለው። ብርጭቆ ፈልጎ ብርጭቆ ጣለ። በመጀመሪያው ምሽት ክፍሉ መካከል እጆቹን ይዞ ቆመና እንዲህ አለ፦

«ሰዎች ስለ ጨለማ ሲያወሩ ምን ማለታቸው እንደሆነ አሁን ገባኝ።»

ሚስቱ ለመቀለድ አልደፈረችም። ጓንቱ የማይደርስበትን ክንዱን ይዛ ወደ ሶፋው ወሰደችው፤ መዳፏንም እዚያው ክንዱ ላይ ተወችው።

ቅርፊቱ በአንድ ጊዜ አልሄደም። መጀመሪያ ስንጥቁ መጠዝጠዝ ተወ። ቀጥሎ ሳቲኑ ክር መስጠቱን አቆመ፤ ይህን ያበሠረችው ሚስቱ ናት፣ ሆን ብላ እጁን ጨርቁ ላይ እየጎተተች። ከዚያ አንድ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ ሲቆልፍ፣ የክሩን መስቀል በጣቱ ጫፍ አገኘው። እየደጋገመ ዳሰሰው፤ ለማንም አልተናገረም። ፎጣውን ለስልሶ ሲያገኘው ሳቀ፤ ሚስቱ ሻካራውን ወለል መወልወያ አድርጋው ነበር።

በአንድ የዕረፍት ቀን ዋዜማ አመሳካሪዋ መጽሐፍ አስያዘችው። አዲስ የተተረጎመ ልቦለድ ነው፤ ገና ያልታረመ፣ እሱም ሰምቶት የማያውቀው። በማግስቱ ከቁርስ በኋላ እጁን ታጠበ፤ በለብታው፣ በአጭሩ። በፎጣው ጫን ጫን አድርጎ አደረቀውና መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ሚስቱ ወዲያ በመርፌ ጠርዝ ትለቅማለች።

«አንዲት… ሴት… ቤቷን ቆልፋ…» ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ። «ቆልፋ ወጣች። ስትመለስ… ቁልፉ… አልከፍት… አላት።»

«እንዴት ዘገየህ! ድሮ እንደ ውኃ ትወርድ አልነበር?»

«ድሮ መቼ አነበብኩ!»

ነጥቦቹ አሁንም ሁሉም እኩል አልነበሩም፤ አንዳንዱ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ካልጠየቁት አይመልስም። እሱም እየጠየቀ ሄደ። ሴትዮዋ በሩን ገፋች። ጎረቤት ጠራች። ጎረቤት የለም። ጆሮዋን በሩ ላይ አደረገች። የሚስቱ መርፌ መቼ እንደቆመ አላወቀም፤ ክሩ በጨርቅ ውስጥ ሲያልፍ የሚያሰማው ድምፅ ግን ጠፍቷል።

«ከውስጥ… የሰው… ሳል… ሰማች።»

«ማን ነው የሳለው?»

«ቆይ፣ አትቸኩዪ፤ ልድረስበት።»

ጣቱ መስመሩን ጨረሰ። ቀጣዩን ፈለገ፤ ወረቀቱ እዚያ ላይ አልቋል።

«እኮ ማን ነው?» አለች ሚስቱ፤ ወንበሯን ወደ እሱ እየሳበች።

«እኔም አላውቅም» አለ አራሚው፣ ገጹንም ገለጠ።